ልማድ ጡረታ ይወጣል ወይ?

በቋንቋችን ዓመልና ልማድ ለየቅል ናቸው። ዓመል ከሰው ጋር አብሮ እንደ ተወለደ ይቆጠራል፤ «ዓመል ያወጣል ከመሃል» ሲባልም ባለቤቱ ምንም ማድረግ የማይችል ይመስላል። ልማድ ግን ኋላ የመጣ ነው፤ የተወለደበት ቀን አለው፣ የወለደውም ምክንያት አለ። ታዲያ የልደት ቀን ያለው ነገር የጡረታ ቀን ሊኖረው አይገባምን? ይህን ያነሣነው ለመራቀቅ ብለን አይደለም፤ ነገሩ ቤታችን ስለ ገባ ነው።

ስንሰደድ የምንጓዘው ሌሊት ሌሊት ነበር። የመኪና ድምፅ ሲሰማ መብራት ይጠፋል፣ ወሬ ይቆማል፣ የሕፃን አፍ በእጅ ይሸፈናል። ማንም አላስተማረንም፤ ለመልመድ ሁለት ሌሊት በቃን። ካኩማ ከገባን ብዙ ዓመት ሆነን። ሆኖም በምሽት ሞተር ሲያጉረመርም ጨዋታችን ከመሃል ይቆረጥ፣ ጉርሻም አፋችን ሳይደርስ ይቆም ነበር። እኛ ግን ልብ አላልነውም። ልብ ያልነው እዚሁ የተወለደው ልጃችን፣ አንዲት ሌሊት እንኳ ያልተሰደደው፣ ትንፋሹን ውጦ መብራቱን ሲያጠፋ ባየን ጊዜ ነው። «ማን ነገረህ?» ብንለው «እንዲህ ነዋ የሚደረገው!» አለን።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል። የኛስ ከዚህም ባሰ፤ የደነገጠው ጅቡን ጭራሽ ያላየው ቡችላ ነው። ካኩማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 ከተከፈተ ጀምሮ ልጅ ብቻ ሳይሆን የልጅ ልጅ ያየ ካምፕ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ቡችላ በያንዳንዱ ግቢ ሳይኖር አይቀርም።

የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል ግንበኛ በመገንባት ግንበኛ እንደሚሆን ሁሉ ሰውም በጎ የሚሆነው በጎ ሥራን በመደጋገም ነው ብሎ ጽፏል። በዘመናችንም የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት 96 ፈቃደኞችን ለ12 ሳምንት ተከታትለው ነበር። አንድ አዲስ ነገር ሳያስቡት የሚሠሩት ልማድ እስኪሆን መካከለኛው ጊዜ 66 ቀን ሆኖ አገኙት፤ እንደየሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን እንደሚደርስ አሰሉ። እኛ በሁለት ሌሊት የለመድን ሰዎች ይህን ስንሰማ ሳቅን። ፍርሃት ፈጣን መምህር ነው፤ ተማሪውን ቶሎ አስመርቆ አያሰናብትም እንጂ።

ስለ መሰናበቱ የሚነገር ሌላ ታሪክ አለ። ሊ ሮቢንስ የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮችን አጥንተው ነበር። እዚያ ሳሉ የሄሮይን ሱሰኛ ከነበሩት አብዛኞቹ አገራቸው ሲገቡ ዳግመኛ ሱሰኛ አልሆኑም። ቦታው ሲቀር ልማዱም አብሮ ቀረ ማለት ነው። ታዲያ የኛ ለምን አልቀረም? እንደሚመስለን መንገዱን ትተን ብንመጣም ድምፁ ተከትሎን መጥቷል። ሞተር እዚያም ሞተር፣ እዚህም ሞተር ነው።

ጉዳዩን ለቡና የተሰበሰቡት ጎረቤቶቻችን ፊት አቀረብነው። አንድ ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ ተቆጡ። «ያ ዝምታ ነው በሕይወት ያደረሳችሁ። ቤት ሲጠብቅ የኖረ ውሻ ሲያረጅ ይባረራል?» አሉ። ቡና የምትቀዳው እናት ቀና ሳትል «አይባረርም ጋሼ፤ ግን ልጅ አሳድግ ተብሎ አይሾምም» አለቻቸው። እኛ የሷን ወገን ያዝን፤ የሳቸው ነገር ግን እስከ በረካው ድረስ ሲከነክነን ቆየ። ለባለውለታ ውለታው ካለቀ በኋላ ምን ያህል ዕዳ አለብን?

በመጨረሻ ያደረግነው ይህን ነው። ዝም አትበሉ ብለን አልከለከልንም፤ ክልከላም ሌላ ፍርሃት ነውና። ሞተር በተሰማ ቁጥር ከመካከላችን አንዱ ወጥቶ ያይና ጮክ ብሎ ይናገራል፦ «የውሃ ቦቴ ነው!» «ቦዳቦዳ ነው!» መጀመሪያ የምንወጣው ጉልበታችን እየተንቀጠቀጠ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ልጁ «ዛሬ ተራው የኔ ነው» ማለት ጀመረ።

ከዚያ አንድ ምሽት ከደረቁ ወንዝ ማዶ ተኩስ ተሰማ። መብራቱ ጠፋ፣ ዝም አልን፣ ወለሉ ላይ ተኛን። ጡረተኛው ተጠርቶ መጣ፤ ደግሞም በደንብ ሠራ። ልፋታችን ሁሉ ከንቱ ቀረ ብለን አዝነን ነበር፤ ዳሩ ግን ያ የለንደን ጥናት አንድ ቀን ቢዘለል ያን ያህል ጉዳት እንደሌለው ይናገራል። በማግስቱ ቦቴው ሲመጣ ወጥተን እንደ ወትሮው ተናገርን።

ጋሼ ይህን ሁሉ ሰምተው «የኔንስ ምን ትሉታላችሁ?» አሉን። እሳቸው ጧት ጧት ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳው ይሄዳሉ፤ ስማቸው ለሦስተኛ አገር ወጥቶ እንደሆነ ለማየት ነው። ዓመታት ሄደዋል፤ ስማቸው አልወጣም። ከኛ አንዳንዶቹ ይህ ልማድ ቀናቸውን እየበላባቸው ስለሆነ ይቅር አልን። ሌሎቻችን ደግሞ የወለደው ምክንያት ገና ስላላለቀ ጡረታ አይገባውም አልን። እስካሁን አልተስማማንም።

ጋሼ ዓይናቸው ደክሟል። ልጃችን ማንበብ ስለ ቻለ አሁን ጧት ጧት እጃቸውን ይዞ አብሯቸው ይሄዳል፤ ሰሌዳውንም ከላይ እስከ ታች ያነብላቸዋል። እንከልክለው ወይስ እንተወው፣ ገና አልወሰንንም።