ውኃው ይቅደም

ገዳሪፍ ከተማ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ነበረች። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ፣ ገና ልጅ ሳለች፣ ከአክስቷ ጋር ድንበሩን ተሻግራ ሱዳን ገባች። እዚያው አደገች፣ እዚያው ተዳረች፣ እዚያው ወለደች። አባቷ ግን ከአገራቸው አልወጡም። ከአርማጭሆ ደጋ ወርደው፣ አብደራፊ ላይ መሬት አቅንተው፣ ሰሊጥና ማሽላ ያርሱ ነበር።

እናትየዋ በቤቷ ውስጥ ከአማርኛ ሌላ አትናገርም። ልጇ ግን የሚመልስላት በዐረብኛ ነበር። "ና ብላ" ስትለው መጥቶ ይበላል፤ "ተነሥ፣ ረፈደ" ስትለው ይነሣል። የምትለውን ሁሉ ይሰማል፣ ከአፉ ግን አንድም የአማርኛ ዐረፍተ ነገር አይወጣም። አያቱ በስልክ ሲያገኙትም "እሺ፣ እሺ" ብሎ ስልኩን ለእናቱ ያቀብላል።

ጎረምሳ ሲሆን ነገሩ ይከነክነው ጀመር። አንድ ቀን እናቱን "አማርኛ አስተምሪኝ" አላት።

"እኔ ያለኝን ከሕፃንነትህ ጀምሮ ሰጥቼሃለሁ" አለችው። "የቀረው ያለው አባቴ ዘንድ ነው። ሂድና የዘንድሮውን ሰሊጥ አብረሃቸው አንሣ።"

ልጁ በመስከረም ወር በመተማ ዮሐንስ በኩል ገብቶ አብደራፊ ደረሰ። የእንግዳው ወሬ ቀድሞት ነበርና ጎረቤቱ ሁሉ በአያቱ ደጅ ተሰብስቦ ጠበቀው። ሽማግሌው በትራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ። ልጁም መንገድ ሙሉ ሲያጠናው የመጣውን ሰላምታ ጮክ ብሎ አሰማ። "ሰላም ነህ? እንዴት ነህ?"

ደጁ ጸጥ አለ። አንዷ ሴት በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። አንዱ ጎልማሳ "ወይ ጉድ! አያቱን አንተ አላቸው!" አለና ሳቀ፤ ሌላውም ተከትሎ ሳቀ። አያቱ ምንም ሳይሉ ጉንጩን አገላብጠው ሳሙት፤ የልጁ ፊት ግን በእፍረት በርበሬ መስሏል።

ልጁ ባለጌ አልነበረም። በእናቱ ቤት ሽማግሌ የለም። እናቱ እሱን የምትጠራው "አንተ" ብላ ነው፤ አማርኛ ሲባል ያ ብቻ መስሎት አደገ። "አንቱ" የሚባል ሰው ያልነበረበት ቤት ውስጥ "አንቱ" ማለትን ከየት ይማረው? ይህን ግን ከሣቂዎቹ መካከል ልብ ያለ አልነበረም። ልጁም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አፉን ዘጋ። ሲጠሩት ይመጣል፣ ሲያዙት ይሠራል፣ ሲጠይቁት ራሱን ይነቀንቃል። ከፊሉ ሰው ኩሩ ነው አለው፣ ከፊሉ ድዳ ነው አለው።

የሰሊጥ አጨዳ ደረሰ። ሰሊጥ ጊዜ የማይሰጥ እህል ነው። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መርገፍ ሲጀምር፣ የታችኞቹ ፍሬዎች ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ካልታጨደ፣ ከረጢቱ በራሱ ተሰንጥቆ ፍሬውን መሬት ላይ ይዘራዋል፤ ከመሬት ደግሞ ሰሊጥ አይለቀምም። ስለዚህ በዚያ ሰሞን ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጎንደር ደጋ የቀን ሠራተኛው ወደ ቆላው ይጎርፋል። በአያትየው ማሳ ላይም ሠራተኞች ተሰለፉ፤ ልጁም ማጭድ ተሰጥቶት ከመካከላቸው ገባ።

ማሳው ላይ ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማረውም። አጠገቡ ያለው ሰው ግንዱን ዝቅ አድርጎ ሲይዝ እያየ ያዘ፤ "ዝቅ አድርገህ፣ እንዳታራግፈው" ሲሉት ቃሉን ከእጁ ሥራ ጋር አብሮ ቀሰመው። ነዶ ማሰር ተማረ፤ ነዶዎቹን ጫፋቸውን ወደ ላይ አድርጎ እርስ በርስ አደጋግፎ ሂላ ማቆምም ቻለ። ቀትር ላይ ከግራር ሥር ጋደም ሲል አንድ ሠራተኛ ክንዱን ይዞ አስነሣውና በጥቁሩ መሬት ላይ ያለውን ስንጥቅ አሳየው። ካላዛርን የምታመጣው የአሸዋ ዝንብ በእንዲህ ያለ ስንጥቅና በግራር አካባቢ እንደምትገኝ፣ ሲመሽ ወጥታ እንደምትነድፍ፣ አንቀላፍቶ የሚመሽበት ሰው እንደሚጎዳ በእጁም በአፉም ነገረው። በእርግጥም ድንበር የለሽ ሐኪሞች አብደራፊ ላይ ለዓመታት ሲያክሙ የኖሩት ይህንኑ በሽታና የእባብ ንድፊያን ነው። ልጁ ሁሉን ሰማ፣ ሁሉን ተረዳ፤ ለመመለስ ግን አፉ አልታዘዘለትም። ያ የደጅ ሳቅ ጉሮሮው ላይ ነበር።

ሂላው ሁለት ሳምንት ያህል ቆሞ ደረቀ። የማራገፊያው ቀን ልጁ በጉልበቱ ተንበርክኮ ሸራ እያነጠፈ ሳለ፣ አያቱ የመጀመሪያውን ነዶ ለማንሣት እጃቸውን ወደ ሂላው ሥር ሰደዱ። ከነዶው በታች፣ በጥላው ውስጥ፣ የተጠቀለለ እባብ ነበር። ቆመው ላሉት አይታይም፤ ለተንበረከከው ብቻ ይታያል። ለማሰብ ጊዜ አልነበረም።

"አንተ! እጅህን መልስ! እባብ!"

ሽማግሌው እጃቸውን ሰበሰቡ። እባቡ ራሱን ቀና ሲያደርግ ሁለት ሰዎች በዱላ ደረሱበት። ከዚያ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ የተናገረ የለም። ዝምታውን የሰበረው ያው የፊተኛው ጎልማሳ ነው። "አባባን አሁንም አንተ አላቸው!"

ልጁ አንገቱን ደፋ። አያቱ ግን በትራቸውን ከመሬት ተክለው እንዲህ አሉ። "አንቱ ተብዬ ከምቀበር አንተ ተብዬ ብኖር ይሻለኛል። ይህ ልጅ አሳምሮ እስኪናገር ድረስ ዝም ቢል ኖሮ ዛሬ ታለቅሱልኝ ነበር።" ወደ ሠራተኞቹም ዞር ብለው "ስሙኝ" አሉ። "ከእንግዲህ ይህ ልጅ ውኃ ስጠኝ ቢለኝ ውኃውን እሰጠዋለሁ። ጠጥቶ ሲያበቃ 'ስጡኝ ይባላል' እለዋለሁ። ቀድሞ የሚሣቅበት ግን ከማሳዬ ይውጣ። ውኃው ይቅደም፣ እርማቱ ይከተል።"

የማሳው ሕግ ይህ ሆነ። ልጁ ማጭድ ሲለምን ማጭዱ ይሰጠዋል፤ ቃሉን አጣሞት ከሆነ ሰጪው ቀናውን መልሶ ይለዋል፤ ልጁም ደግሞ ይለዋል። ማታ እሳት ዙሪያ ስለ ቤቱ ሲጠይቁት በተሰባበረ አማርኛ ያወራል፤ ያዳምጡታል፤ ሲጨርስ የተሰበረውን ይጠግኑለታል። ለአያቱ እጅ ሲያስታጥብ "ይታጠቡ" ማለትን የለመደው ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ነው።

አያቱ አንድ እርምጃ ጨመሩ። የሠራተኛውን ስምና የሥራ ቀን የሚይዘውን ደብተር ሰጡት። ፊደል ከማያውቅ ልጅ እጅ የሰው ደሞዝ መግባቱ ለብዙዎች እብደት መሰላቸው። ልጁ ግን ዐሥረኛ ክፍል የጨረሰ ሠራተኛ አጠገቡ እያስቀመጠ እያንዳንዱን ስም እየጠየቀ ጻፈ። አንድ ቀን ከሠራተኞቹ አንዱ ደብተሩን አይቶ "ይህ የኔ ስም አይደለም" አለው። ግዕዙን ከራብዑ አቀያይሮት ኖሯል፤ ስሙ የሌላ ሰው ሆኖ፣ የሁለቱም ክፍያ ሊዛባ ነበር። ልጁ ይቅርታ ጠየቀ፣ ሰርዞ ጻፈ፣ ከዚያ ወዲያ ያንን ፊደል አልሳተም። በደብተሩ ላይ ያለው የሰው ላብ ነበርና ፊደሉን እንደ ትምህርት ቤት ጥናት አልቆጠረውም።

ሰሊጡ ተራግፎ በነፋስ ተጣርቶ ወደ ጆንያ ሲገባ እናቱ ደወለች። ልጁ ስልኩን አንሥቶ ደኅንነቷን ጠየቀ፣ የአያቱን ጤና፣ የሰሊጡን ኩንታል፣ የሠራተኞቹን ስንብት ተረከላት። እናትየዋ ጥቂት ሰምታ "ይቅርታ፣ ማን ልበል? ልጄን አቅርብልኝ" አለችው። በሕይወቷ ልጇ በአማርኛ ሲያወራ ሰምታው አታውቅማ!

ታሪኩ ይህ ነው። ፍቺውም ለሁለት ወገን ነው።

አንደኛው ወገን ልጁ ነው። የወላጆቹን ቋንቋ የሚሰማ፣ የማይመልስ ልጅ ዛሬ በገዳሪፍ ብቻ አይደለም ያለው፤ በዋሽንግተን፣ በሪያድ፣ በቴል አቪቭ፣ በስቶክሆልምም አለ። አሜሪካ ውስጥ የሜክሲኮ ስደተኞች ልጆች ከስፓኒሽ ጋር ያላቸው ነገርም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። የዋሽንግተን ዲሲ አስተዳደር በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ምክንያት የመንግሥት ቅጾች በአማርኛ ይገኛሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ቅጹ ልጁን አያናግረውም። የሚያናግረው ሰው ነው፣ የሚያናግረውም አብሮ የሚሠራው ሥራ ሲኖር ነው። "ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል" ይላሉ አባቶች። ሳይሳሳት ሊናገር የሚጠብቅ ልጅ የሚቀርበት ከማዕረግም በላይ ነው፤ አያቱን ሳያውቃቸው ይሞቱበታል።

ሁለተኛው ወገን እኛ ነን፤ ደጁ ላይ ቆመን የሣቅነው። ሳቃችን ክፋት አልነበረበትም ልንል እንችላለን። ግን ሳቅ ቋንቋን ይገድላል። ከመተማ ወደ ጎንደር በሚወጣው መንገድ ላይ ጭልጋ አለ። እዚያ የሚነገረው ቅማንትነይ ከጥንቶቹ የአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ቅማንት ነኝ ያለው ሰው ከ172 ሺህ በላይ ሲሆን ቅማንትነይን አፍ መፍቻዬ ነው ያለው 1,625 ብቻ ነበር። ወላጅ ለልጁ ማውረስ የሚያፍርበት ቋንቋ፣ ልጅ ሲሞክረው የሚሣቅበት ቋንቋ፣ እንዲህ ነው ከአንድ ትውልድ ወደ ሌላው ሳይሻገር የሚቀረው። በአንጻሩ የኒውዚላንድ ማኦሪዎች ቋንቋቸው ሊጠፋ መሆኑን ሲያዩ በ1982 እ.ኤ.አ. አያቶችንና ሕፃናትን ቀኑን ሙሉ በአንድ ቤት የሚያውሉ መዋያዎችን ከፈቱ። ሽማግሌዎቹ አብልተው፣ አጫውተው፣ አስተኝተው በማኦሪ አሳደጓቸው። እነሱም ውኃውን አስቀደሙ።

ጉዳዩ ለመተማና ለምዕራብ ጎንደር ሰው ሩቅ አይደለም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ በመተማ በኩል ድንበሩን ከተሻገሩት መካከል ሱዳን ተወልደው ያደጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች ነበሩ። አንዳንዱ ልጅ አማርኛ ይሰማል፣ አይናገርም። አንዳንዱ ታላላቆቹን "አንተ" ይላል። ከቤታቸው ተፈናቅለው ለመጡ ልጆች የእኛ ሳቅ ሁለተኛ መፈናቀል ይሆንባቸዋል።

ስለዚህ በውጭ ያላችሁ ወላጆች ልጆቻችሁን ለጉብኝት ብቻ አትላኳቸው፤ ለሥራ ላኳቸው። የአጨዳ ሰሞን ይምጡ፣ የበዓል ዶሮ በሚበለትበት ቀን ይድረሱ፣ የአያታቸውን ሱቅ መዝገብ ይያዙ፣ ሊጥ ያቡኩ። እጃቸው የያዘውን ነገር ስም አፋቸው አይረሳውም። እናንተ አያቶች፣ አጎቶችና አክስቶች ደግሞ ልጁ በተጣመመ አማርኛ የለመናችሁን በቀና እጅ ስጡት። ከዚያ አርሙት። ደጋግማችሁ አርሙት፤ ያልታረመ ልጅም እንደ ተሣቀበት ልጅ ነው የሚቀረው። የጠየቀውን ሳትሰጡት ግን አንድም ፊደል አታርሙበት።