በባዕድ አገር ሌሊት ማንን እንፈልጋለን?

በደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ በሴኡል የምድር ውስጥ ባቡሩ እኩለ ሌሊት አካባቢ ሥራ ያቆማል። የመጨረሻው ባቡር ያመለጠው ሰው ወይ ታክሲ ይይዛል፣ ወይ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ የመጀመሪያውን ባቡር ይጠብቃል። ሆንግዴ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ሰፈር ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ ብትገኙ፣ ከጭፈራ ቤት የወጡ ወጣቶች እግራቸውን እየጎተቱ ወደ ጣቢያው ሲሄዱ ታያላችሁ። በዚያው ሰዓት ሌሎች ሰዎችም መንገድ ላይ ናቸው። ብዙ የኮሪያ አብያተ ክርስቲያናት በየዕለቱ ጎሕ ሳይቀድ ለጸሎት ይሰበሰባሉ። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በቦርሳ የያዙ አረጋውያን እናቶች ቀይ የመስቀል መብራት ወደሚታይበት ሕንፃ ያዘግማሉ። ሁለቱ ወገኖች በአንድ የእግረኛ መንገድ ላይ ይተላለፋሉ።

እኔ ከሁለቱም ወገን ሆኜ በዚያ መንገድ ሄጃለሁ። ስለዚህ በወጣቶች ኅብረታችን ውስጥ ደጋግሞ የሚነሣው ጥያቄ ለእኔ የወሬ ጥያቄ አይደለም። ብቻውን የሆነ አማኝ ወጣት በሰው አገር፣ በሌሊት፣ ጓደኛ ፍለጋ ቢወጣ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? አብዛኛውን ጊዜ የምንመልሰው «የት ሄደ?» ብለን በመጠየቅ ነው። ቦታው ከታወቀ ፍርዱ ያልቃል። እኔ ግን ከቦታው በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ እላለሁ።

በመጀመሪያ የውጭ አገር መምህር ለምን የሌሊት ሰው እንደሚሆን ልንገራችሁ። ኮሪያ ለእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህራን የምትሰጠው ቪዛ በመሠረቱ እንግሊዝኛ ለሚነገርባቸው ሰባት አገሮች ዜጎች ነው። እኔም አዲስ አበባ ተወልጄ፣ ከቤተሰቤ ጋር አሜሪካ ሄጄ፣ በዚያው ዜግነት አግኝቼ ስለነበር ነው በሩ የተከፈተልኝ። ሥራው ሀግዎን በሚባል የግል ማጠናከሪያ ትምህርት ቤት ነበር። ልጆቹ ከመደበኛ ትምህርታቸው በኋላ ስለሚመጡ የእኔ ቀን የሚጀምረው ከሰዓት በኋላ ነው። በሴኡል እንዲህ ያሉት ትምህርት ቤቶች ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ እንዳያስተምሩ ደንብ አለ፤ ብዙዎቹም እስከዚያች ሰዓት ድረስ ያስተምራሉ። ሌላው ሰው እራቱን በልቶ ሲተኛ መምህሩ ገና መውጣቱ ነው። ኮንትራቱ የአንድ ዓመት ነው፤ መኖሪያው አሠሪው የሚሰጠው አንድ ክፍል ነው፤ ቋንቋውን አያውቅም። ልጆቹም በስሙ አይጠሩትም፤ ልክ እንደ እኛ አገር ተማሪዎች «ቲቸር» ይሉታል። ወር ሙሉ ስሜን የጠራኝ ሰው ያልነበረበት ጊዜ አለ።

ከጎኔ ባለው ጠረጴዛ የሚሠራ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ባልደረባ ነበረኝ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዓርብ ዓርብ ማታ ቦርሳውን እያነገተ «ዛሬ ትመጣለህ?» ይለኝ ነበር። ከሌሎች መምህራን ጋር ወደ ሆንግዴ ወይም ወደ ኢቴዎን ነበር የሚሄዱት። ያደግሁበት ቤተ ክርስቲያን ትዝ ይለኝና «ሥራ አለብኝ» እለዋለሁ። ሥራ አልነበረኝም። አማኝ ነኝ ማለት አፍሬ፣ ዓለም እንዳይነካኝ ብዬ ዋሸሁት። ከዚያ ክፍሌ ገብቼ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ስልኬን ስነካካ አመሻለሁ። ጠዋት ላይ ራሴን ስመረምር «ቢያንስ አልሄድኩም» እል ነበር። ጓደኛ እንዲሰጠኝም እጸልይ ነበር።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ መጋበዙን ተወ። በአራተኛው ወር አንድ ሰኞ ጠረጴዛው ባዶ ሆነ። የውጭ መምህራን «የእኩለ ሌሊት ሩጫ» የሚሉት ነገር አለ፤ ኮንትራቱን ሳይጨርስ፣ ለማንም ሳይናገር ሻንጣውን ይዞ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ መሄድ ማለት ነው። ባልደረባዬ ያደረገው ይህንኑ ነው። ኃላፊው ምን እንደ ሆነ ጠየቀኝ፤ ምክንያቱም ከጎኑ የምቀመጠው እኔ ነኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። እናት አባቱ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ እንኳ አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ወደ ሌላው ጫፍ ሄድኩ። «እምቢ» ማለቴ ካጠፋው፣ «እሺ» ልበል ብዬ ከቀሩት መምህራን ጋር መውጣት ጀመርኩ። እውነቱን ለመናገር ሁሉም ነገር እንደ ፈራሁት አልነበረም። ኮሪያውያን ባልደረቦች ከሥራ በኋላ አብረው የሚበሉበት ልማድ አላቸው። በዚያ ማዕድ ማንም የራሱን ብርጭቆ አይሞላም፤ ሌላው ይሞላለታል። ለታላቅ ሲቀዳ በሁለት እጅ ነው፤ በታላቅ ፊት የሚጠጣም ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል። እጅ እያስታጠበና እያጎረሰ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። በብርጭቆዬ ለስላሳ እንዲቀዳልኝ ስጠይቅ የተቆጣኝ የለም። በኮሪያ ብዙ ፕሮቴስታንቶች አልኮል ስለማይጠጡ ነገሩን ያውቁታል። ያን ሁሉ ወር የፈራሁት መልስ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር።

ከማዕዱ በኋላ ያለው ሌሊት ግን ሌላ ነው። በጭፈራ ቤቱ በር ላይ ሰው መተዋወቅ በጣም ቀላል ነው። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው፤ ከየት ነህ? እዚህ ስንት ጊዜህ ነው? መቼ ትሄዳለህ? ሁሉም በኮንትራት ያለ ስለሆነ ወዳጅነቱም የኮንትራት ነው። ስልክ እንለዋወጣለን፤ ሰኞ ማንም አይደውልም። ከሁለት ወር በኋላ ስልኬን ስከፍት ሰዎቹን የመዘገብኳቸው እንዲህ ሆኖ አገኘሁት፤ «ካናዳ ሆንግዴ»፣ «ረጅሙ ልጅ»፣ «እንግሊዝኛ የሚለማመደው»። ስም አልነበራቸውም። እኔም በእነርሱ ስልክ ላይ ምን ተብዬ እንደ ተመዘገብኩ መገመት አላቃተኝም።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በክፍሌ ተዘግቼ ያመሸሁባቸው ዓርቦችና ሆንግዴ ያነጋሁባቸው ዓርቦች ውስጣቸው አንድ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ራሴን ከሰው ጠበቅሁ፤ በኋለኞቹ ሰውን ለራሴ ተጠቀምኩ። በሁለቱም ውስጥ ሌላው ሰው የለም።

«የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» እንላለን። እውነት ነው። ግን ይህን ተረት በጥንቃቄ ልንይዘው ይገባል። መድኃኒት የሚዋጠው ለዋጩ ነው። እንክብሉን «አንተስ እንዴት ነህ?» የሚለው የለም፤ ሕመሙ ሲታገሥ ቀሪው ይጣላል። ብቸኛ ሰው ሌላውን እንዲህ ሊውጠው ይችላል። ማርቲን ቡበር የተባለው አይሁዳዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1923 ባሳተመው መጽሐፍ ሰውን «አንተ» ብሎ ፊት ለፊት በመቅረብና እንደ አንድ ነገር በመያዝ መካከል ያለውን ልዩነት አስተምሯል። በአማርኛም አንድን ሰው «አንተ» ለማለት ቢያንስ ፊቱን ማየት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንዳንዱ፣ «ታዲያ ወዳጅነት ሁሉ በፍላጎት አይደለም ወይ የሚጀምረው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ልክ ነው። አንድ ኮሪያዊ ወጣት እንግሊዝኛ ለመለማመድ ፈለገኝ፣ እኔም ከተማውን የሚያሳየኝ ሰው ፈለግሁ። ይህ በራሱ ክፋት የለውም። ክፋቱ እዚያው መቆም ነው። ፍላጎቱ በር ነው፤ በር ላይ ቆሞ የሚቀር ሰው ግን ቤት ገባሁ ሊል አይችልም።

ሌላው ደግሞ፣ «እኔስ የምወጣው ለመመስከር ነው» ይላል። ይህን የሚል ሰው መልካም ልብ ሊኖረው ይችላል። ነገር ግን በእኛ በኩል ያለው ትልቁ ፈተና ይህ ይመስለኛል። ሰውን ለጸሎት ሪፖርታችን እንደ አንድ ቁጥር ከፈለግነው፣ ስሙን ሳናውቅ ወንጌል ነግረነው ከሄድን፣ ከሆንግዴው ልጅ በምን እንለያለን? እርሱ ለብቸኝነቱ ዋጠው፤ እኛ ለአገልግሎታችን ዋጥነው። ጌታችን በኢያሪኮ በዛፍ ላይ የተቀመጠውን ቀራጭ ከሕዝቡ ሁሉ መካከል በስሙ እንደ ጠራው ሉቃስ 19 ላይ እናነባለን። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ቤቱ የገባው። ሰዎች ያንጎራጎሩት በገባበት ቤት ነው፤ እርሱ ግን ያየው ሰውየውን ነበር።

ይህን ስል «ቦታ ምንም አይደለም» ማለቴ አይደለም። ሰውን ለመዋጥ የተመቻቸ ቦታ አለ። ድምፁ እንዳትነጋገሩ፣ ጨለማው እንዳትተያዩ፣ መጠጡም በማግሥቱ እንዳታስታውሱ የሚያደርግ ቤት ውስጥ ፍቅርን መለማመድ አስቸጋሪ ነው። የዮሴፍን ታሪክ አስቡ። ወጣት ነው፤ በባዕድ አገር ነው፤ ወንድሞቹም አባቱም አያዩትም። በዘፍጥረት 39 እምቢ ሲል ያቀረበው ምክንያት ግን «ሰው ያየኛል» የሚል አልነበረም። ያመነውን ጌታውን አነሣ፣ እግዚአብሔርንም አነሣ። ዮሴፍ ከኃጢአት የሸሸው በሰዎች ላይ በሩን ዘግቶ አይደለም። በእስር ቤት ሳለ አብረውት የታሰሩትን ሁለት ሰዎች ፊታቸው ለምን እንደ ጠቆረ የጠየቀው ይኸው ዮሴፍ ነው። እኔ ልብሴን ጥዬ መሸሹን ተምሬ፣ የሰውን ፊት ማየቱን ሳልማር ነበር ከአገሬ የወጣሁት።

አንድ ቀን ንጋት ላይ የመጀመሪያውን ባቡር ከመጠበቅ ይልቅ ከእነዚያ እናቶች ኋላ ተከትዬ ገባሁ። የንጋት ጸሎት በኮሪያ የቆየ ልማድ ነው፤ አጀማመሩ እ.ኤ.አ. ከ1907ቱ የፒዮንግያንግ መነቃቃትና ከመጋቢ ጊል ሶንጁ አገልግሎት ጋር አብሮ ይነሣል። አዳር ጸሎት ላደግንበት ለእኛ ድምፁ ራሱ ያገር ቤት ይመስላል፤ ሁሉም በአንድነት ጮክ ብሎ ይጸልያል። ታዲያ እዚያም ሁለት ሳምንት ሙሉ ማንንም ሳልሰላም ገብቼ ወጣሁ። ትክክለኛው ቦታ ላይ ሆኜም ብቻዬን ነበርኩ።

በሦስተኛው ሳምንት አንዲት አሮጊት እጄን ይዘው ምድር ቤት ወዳለው ወጥ ቤት ወሰዱኝና የአኩሪ አተር ቡቃያ ሾርባ አስቀረቡልኝ። በምልክት ስሜን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው፤ አፋቸው አልያዘውም። ብዕር አውጥተው በሰንበቱ ፕሮግራም ወረቀት ጀርባ ላይ በኮሪያ ፊደል ጻፉት፤ እያዩም ደግመው ደግመው አነበቡት። አገሬን ስነግራቸው እጄን አጠበቁት። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ከ6,000 በላይ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ወደዚያች አገር ዘምተዋል፤ ከ120 በላይ የሚሆኑትም አልተመለሱም። እኚህ እናት በዚያ ጊዜ ሕፃን ነበሩ። ያን ቀን ያወራነው ሃያ ቃል አይሞላም። ከዚያ በኋላ ግን በየንጋቱ ወንበር ይይዙልኝ ነበር።

ለባልደረባዬ ጻፍኩለት። «ሥራ አለብኝ» ያልኩህ ውሸቴን ነው፤ ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። መልሱ ከሁለት ቀን በኋላ መጣ። «አንተም ብቻህን እንደ ነበርክ አላወቅሁም። ሥራ የሚበዛብህ ሰው መስለኸኝ ነበር» የሚል ነው። ይህን መልእክት አልሰረዝኩትም።

ከእናንተ መካከል ለትምህርትም ለሥራም ወደ ውጭ የምትሄዱ ትኖራላችሁ። ስለዚህ ከተማርኩት ጥቂት ልንገራችሁ። ሰው ለመፈለግ ከመውጣታችሁ በፊት አጠገባችሁ ያለውን ጠረጴዛ እዩ። ማንነታችሁን በመጀመሪያው ሳምንት፣ በቀን ብርሃን ተናገሩ፤ በሌሊት ከመናገር ይቀላል። ለማዕድ ከተጠራችሁ ሂዱ፤ በብርጭቆው ውስጥ የሚኖረውን አስቀድማችሁ ወስኑ፤ የመጨረሻውም ባቡር አያምልጣችሁ። ከሦስቱ የተለመዱ ጥያቄዎች በኋላ አራተኛውን ጠይቁ። ስሙን በትክክል መዝግቡ። ስልኩን ስትቀበሉም ራሳችሁን ይህን ጠይቁ፤ ይህ ሰው ሰኞ ቢታመም እሄዳለሁ? መልሱ «አልሄድም» ከሆነ የምትፈልጉት ወዳጅ ሳይሆን እንክብል ነው።

እዚሁ አገር የምትቀሩትም ጥያቄው ይመለከታችኋል። በከተማችሁ ከሌላ አገር መጥቶ የሚያስተምር ሰው አለ፤ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ መምህርም አለ። ቅዳሜ ማታ የት እንደሚያመሽ ታውቃላችሁ? ምናልባት ወደ መጠጥ ቤት ሲገባ አይታችሁ በልባችሁ ፈርዳችሁበት ይሆናል። ዘዳግም 10 ሕዝቡ መጻተኛውን እንዲወድ ሲያዝዝ፣ እነርሱም በግብፅ መጻተኞች እንደ ነበሩ ያሳስባቸዋል። በዚያ ምሽት እርሱን ከመጠጥ ቤቱ በፊት ለእራት የጠራው ሰው ነበር ወይ? ስሙንስ ከ«ቲቸር» በቀር ማን ያውቃል?