ማን ይቅደም?

የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. 2.2 ሚሊዮን ያህል የኮቪድ ክትባት አዲስ አበባ ገባ፤ ሕዝቡ ግን ከመቶ ሚሊዮን በላይ ነበርና ተራ ማበጀት ግድ ሆነ። የጤና ሠራተኞች ቀደሙ፤ አረጋውያንና ጽኑ ሕመም ያለባቸው ተከተሉ። በዚያ ወራት በሀይሌ ጋርመንት ሰፈር አንድ ወጣት ጎረቤቴ፥ «ጋሼ፥ ብዙ ዘመን የሚቀረኝ እኔ ሳለሁ ስለ ምን ሽማግሌ ይቀድመኛል?» አለኝ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ጥያቄው የክፋት አይደለም። ነገር ግን ቤት ሲቃጠል አስቀድሞ የሚወጣው እሳቱ የቀረበው እንጂ ብዙ ዕድሜ የሚቀረው አይደለም። ሐኪሙም የቀደመው ስለ ክብሩ ሳይሆን፥ እርሱ ከወደቀ የወደቁትን የሚያነሣ ስለሚጠፋ ነው። በሽታው እንደ ኩፍኝ ሕፃናትን የሚያጠቃ ቢሆን ኖሮ፥ እኛ ሽማግሌዎች ወደ ኋላ መቆም በተገባን ነበር። ስለዚህ ተራው የደረሰው ሽማግሌ፥ ለታገሠው ወጣት ባለ ዕዳ መሆኑን አይርሳ።