ትንሽ ጥፋትና ትልቅ አደራ

ሰው በምን ይታወቃል ቢባል፣ መልሱ ከጥንት ጀምሮ ሁለት ነው። አንዳንዱ፣ የሰው ልክ የሚገለጠው በትልቅ ቀን ነው፣ ማለት ጦርነት ሲመጣ፣ ረኃብ ሲገባ፣ ሹመት ሲሰጥ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ የለም፣ ትልቁ ቀን የሚያሳየው በትንንሾቹ ቀናት የተጠራቀመውን ነው ብሎ ይከራከራል። አባቶቻችን ወደ ሁለተኛው ሐሳብ ያዘነበሉ ይመስላል። ከእንቁላል ጀምሮ በመጨረሻ ለስቅላት የቀረበው ሌባ እናቱን «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» አላት የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። ይሁን እንጂ ተረቱ የነገረን ስለዚያ ሌባ ብቻ ነው፤ አንድ ጊዜ እንቁላል ወስደው ከዚያ በኋላ እጃቸውን ስለ ሰበሰቡት ብዙ ልጆች አልነገረንም። እነዚያን በምን እንመዝናቸው? ዛሬ ልንመረምረው የተነሣነው ጥያቄ ይህ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ምክንያት የሆነን በጎረቤላ የገጠመን አንድ ጭውውት ነው። የአንኮበር ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ጎረቤላ ከደብረ ብርሃን አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ባለፈው ክረምት፣ ጉም ከቆላው እየወጣ አገሩን በሸፈነበት በአንድ ቀን፣ በልጅነቱ ከዚሁ ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ያደገና የአይሮፕላን አብራሪነት ትምህርቱን የፈጸመ አንድ ወጣት አያቱን ሊጠይቅ መጥቶ ከእኛ ጋራ ለቡና ተቀመጠ። ለትምህርቱ ዘመድ አዝማድ ገንዘብ አዋጥቶለታል፤ አሁን ተራው የእርሱ ስለሆነ ሥራ ለመቀጠር ሊያመለክት ነው። ነገር ግን በማመልከቻው ላይ ካሉት ጥያቄዎች አንዱ እንቅልፍ ነሥቶታል። ጥያቄው መኪና ሲነዳ በትራፊክ ፖሊስ ተቀጥቶ እንደሆነ የሚጠይቅ ነው። እርሱ ከተወሰነው ፍጥነት በላይ በመንዳት ሁለት ጊዜ ተቀጥቷል። ጓደኞቹ «አልተቀጣሁም ብለህ ጻፍ፤ ማን ፈልጎ ያገኘዋል?» ብለውታል። «እናንተስ ምን ትመክሩኛላችሁ?» አለን።

በመጀመሪያ ሳቅን። የምድር ቅጣት ከሰማይ ሥራ ጋራ ምን አገናኘው? አልን። ቡናው ሁለተኛ ሲደርስ ግን ሳቃችን አለቀ፤ ነገሩ የእርሱ ብቻ ሳይሆን የእኛም መሆኑን ተረዳነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በአሜሪካ በ1989 ዓ.ም. የወጣ ሕግ አየር መንገዶች አብራሪ ከመቅጠራቸው በፊት ያለፈ መዝገቡን እንዲመረምሩ አስገደደ። ከሚመረመሩትም መዝገቦች አንዱ የአገሪቱ የመኪና ነጂዎች መዝገብ ነበር። በዚህ መዝገብ የሚገኘው የመንጃ ፈቃድ መታገድና እንደ ስካር ያለ ከባድ ጥፋት እንጂ ተራው የፍጥነት ቅጣት አይደለም። ጠጥቶ በመንዳት የተቀጣ አብራሪ ይህንኑ በ60 ቀን ውስጥ ለአቪዬሽን መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ማስታወቅ ግዴታው ነው፤ ሳያስታውቅ ቢቀር ዝምታው ራሱን የቻለ ጥፋት ሆኖ ፈቃዱን ሊያሳግደው ወይም ሊያሰርዘው ይችላል። ለተራው ቅጣት ግን እንዲህ ያለ ግዴታ የለም። ስለዚህ አንዳንድ አየር መንገድ ራሱ አመልካቹን ይጠይቀዋል። ወጣቱን የፈተነው እንግዲህ በሕጉና በጥያቄው መካከል ያለው ይህ ክፍት ቦታ ነው፤ ቢዋሽ ላይታወቅበት ይችላል።

ከመካከላችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ ወገባቸውን ቀና አድርገው፣ «ልጄ፣ በበቅሎ ላይ ሆኖ ለእግረኛ የማይጠነቀቅ ሰው ፈረስ ቢሰጡት ይጠነቀቃልን?» አሉት። ቃላቸው ከባድ ቢሆንም ክርክራቸው ቀላል አይደለም። የሰው ጠባይ አንድ ነው፤ መሬት ሲረግጥ አንድ፣ ሰማይ ሲወጣ ሌላ ጠባይ አይለብስም። ከደብረ ብርሃን ወደ ጎረቤላ በጉም ውስጥ የተጓዘ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ዐሥር እርምጃ ፊቱን ማየት ሳይችል መኪናውን የሚያበር ነጂ ችሎታ አንሶት አይደለም፤ ሕጉ ለሌላ ሰው የተጻፈ መስሎት ነው። እንዲህ ያለ አሳብ ያለው ሰው ብዙ መቶ ነፍስ ቢሰጠው ያስፈራል።

በሌላ በኩል ያለው ክርክርም መናቅ የለበትም። ጥፋት ሠርቶ ቅጣቱን የከፈለ ሰው ዕዳውን ከፍሏል። አንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ የሚያስቀጣ ከሆነ ፍርድ መሆኑ ቀርቶ በቀል ይሆናል። ደግሞም በሃያ ዓመቱ የቸኮለ ሰው በሠላሳ ዓመቱ ቸኳይ ነው ብሎ መፍረድ ሰው ይማራል የሚለውን እምነት መካድ ነው። ይህን እምነት ከካድን ደግሞ ትምህርት ቤቱንም ንስሐውንም አብረን መዝጋታችን ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ወገኖች ለማስታረቅ ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልገናል፤ እነርሱም ጥፋቱ፣ ልማዱና መልሱ ናቸው። አንድ የቅጣት ወረቀት ስለ ሰው የሚነግረን ጥቂት ነው። በየዓመቱ የሚደጋገም የቅጣት ወረቀት ብዙ ይነግረናል፤ ጥፋት ሳይሆን ልማድ ሆኗልና። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሰውየው ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ነው። ጥፋቱ ያለፈ ነገር ሲሆን፣ መልሱ ግን የዛሬው ሰው ራሱ ነው።

ይህ ነገር በአይሮፕላን ሥራ በደም የተጻፈ ትምህርት ነው። የካቲት 5 ቀን 2001 ዓ.ም. በአሜሪካ በበፋሎ ከተማ አጠገብ አንድ የመንገደኞች አይሮፕላን ወድቆ፣ በውስጡ የነበሩት 49 ሰዎችና በቤቱ የነበረ አንድ ሰው ሞቱ። በምርመራው ጊዜ ዋናው አብራሪ ቀድሞ የወደቃቸውን የበረራ ፈተናዎች ሲቀጠር ሁሉንም እንዳልገለጠ ታወቀ። ፈተና መውደቅ ነውር አይደለም፤ ብዙ ጥሩ አብራሪ ወድቆ ተነሥቷል። የወደቀውን የደበቀ ሰው ግን ሊያስተምሩት የሚችሉትን ሰዎች ዐይን ማሰሩ ነው። ከዚህ አደጋ በኋላ በ2002 ዓ.ም. የወጣ ሕግ የአብራሪዎች መዝገብ ሁሉ በአንድ ቦታ እንዲሰበሰብ አዘዘ።

ከዚህ የሚቀድም ሌላም ታሪክ አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሲመሠረት የረዳው ቲ.ደብሊው.ኤ. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እንደነበረ ይታወሳል። የዚሁ ኩባንያ አይሮፕላን ኅዳር 22 ቀን 1967 ዓ.ም. በዋሽንግተን አቅራቢያ ለማረፍ ሲቃረብ፣ ከመሬት የተሰጠው ፈቃድ በትክክል ስላልተግባባ ከሚገባው በታች ወርዶ ከተራራ ጋራ ተጋጨና 92 ሰዎች አለቁ። የሚያሳዝነው፣ ስድስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ የሌላ ኩባንያ አብራሪዎች በዚያው ስፍራ በዚያው ዐይነት ስሕተት ከተራራው ለጥቂት ተርፈው መኖራቸው ነው። እነዚያ አብራሪዎች ስሕተታቸውን ለኩባንያቸው ተናግረዋል፤ ኩባንያውም የራሱን ሰዎች አስጠንቅቋል፤ ወሬው ግን ወደ ሌሎቹ አልደረሰም። ከዚህ የተነሣ በ1968 ዓ.ም. አዲስ ሥርዓት ተቋቋመ። ሳያስብ ሕግ የተላለፈ አብራሪ፣ ነገሩ ወንጀል ወይም አደጋ ካልሆነ በቀር፣ በዐሥር ቀን ውስጥ ስሕተቱን ለዚሁ ለተቋቋመው ክፍል ቢገልጥ ከቅጣት እንዲድን ተደረገ። ቅጣት ብቻውን ሰውን ዝም እንደሚያሰኝ፣ ዝምታም ሰው እንደሚገድል ስለታወቀ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208 በመኪና ነጂዎች ላይ ከገንዘብ ቅጣት ሌላ የጥፋት ነጥብ እንዲመዘገብ አደረገ። ይህ መዝገብ ከእንጀራ ጋራ የተያያዘ መሆኑ የታየው በየካቲት ወር 2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የታክሲ ነጂዎች ሥራ ባቆሙ ጊዜ ነው። ያኔ የደንቡ ተፈጻሚነት ለሦስት ወር እንዲዘገይ ተደርጓል። መዝገብ መያዙ መልካም ነው፤ ነገር ግን መዝገቡ የሚያሳየን የተጻፈበትን ሰው ብቻ ነው። ያልተጻፈበት ሰው ሁሉ ንጹሕ ነውን? አንዱ ነጂ ሲያጠፋ ተያዘ፤ ወረቀቱን ተቀበለ፣ ከፈለ፣ ደረሰኙንም ያዘ። ሌላው ያንኑ ጥፋት ሠርቶ ሲያዝ ከመንጃ ፈቃዱ ሥር ብር አጥፎ አቀበለና ያለ ደረሰኝ ሄደ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሁለቱም ለአንድ ሥራ ቢወዳደሩ፣ የመጀመሪያው መዝገብ ሲያድፍ የሁለተኛው እንደ በረዶ ይነጣል። እንግዲህ የቅጣት ወረቀት አንዳንድ ጊዜ የጥፋት ምስክር ከመሆን ይልቅ የታማኝነት ምስክር ሆኖ ይገኛል ማለት ነው።

እኛም ብንሆን ከዚህ ነገር ውጪ አይደለንም። ከደብረ ብርሃን ስንመለስ ሚኒባሱ ትርፍ ሰው ጭኖ፣ ከሩቅ ትራፊክ ፖሊስ ሲታይ ረዳቱ «ጎንበስ በሉ!» ሲል፣ መምህሩም ጸሐፊውም ተማሪውም አብረን ጎንበስ ብለናል። ኬላው ሲታለፍ ቀና ብለን ሳቅን። በጥንቱ የአፈርሳታ ሥርዓት ሕዝቡ ተሰብስቦ ስለ ጠፋው ነገር ያየውንና የሰማውን እንዲያወጣ ይጠየቅ ነበር፤ ጥፋተኛው ካልተገኘ ዕዳው በአገሬው ሁሉ ላይ ይወድቅ ነበርና ዝም ያለ ሁሉ የጥፋቱ ተካፋይ ነበር። ያ ሥርዓት ዛሬ ቢደረግ በሚኒባሱ ውስጥ ማን ይድናል?

ከዚህ የሚብስም አለን። በአንድ ወቅት ሠራተኛ ለመቅጠር ከተሰየሙት አንዱ ሆነን ነበር። ከአመልካቾቹ አንዱ ቀድሞ በሠራበት ቦታ በሥራ መዘግየት ምክንያት ደመወዙ ተቀጥቶ እንደነበረ ማንም ሳያስገድደው ተናገረ። ሌላው ምንም ነገር የለብኝም አለ። ሁለተኛውን መረጥን። የመጀመሪያው ሰው ከበሩ ሲወጣ ፊቱ ላይ ያየነው ነገር እስከ ዛሬ አልጠፋብንም። የተማረው ትምህርት በሚቀጥለው ጊዜ ዝም ማለት እንደሆነ አያጠራጥርም፤ አስተማሪዎቹም እኛ ነን።

ስለዚህ ጥያቄው በተጠያቂው ላይ ብቻ ሳይሆን በጠያቂውም ላይ የተጣለ ፈተና ነው። እውነቱን የተናገረውን ሁሉ የሚጥል ወንበር፣ የሚመርጠው ንጹሑን ሳይሆን ዝምተኛውን ነው። ጠያቂ ሆኖ የተቀመጠ ሰው «አጥፍተህ ታውቃለህን?» ከሚለው ጋራ «ከዚያስ ምን ተማርህ? ከዚያ ወዲህስ እንዴት ነዳህ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። መልሱን ሰምቶም የአንድ ቀን ስሕተትን ከልማድ፣ ልማድንም ከውሸት መለየት ግዴታው ነው። ይህን ማድረግ የማይችል ከሆነ ጥያቄውን ባይጠይቅ ይሻላል።

ለወጣቱ የሰጠነው ምክር «እውነቱን ጻፍ» የሚል ነበር። ነገር ግን ይህን ስንል ድምፃችን እንደ ወትሮው አልጠነከረም፤ መካሪዎቹ እኛ ስንሆን ዋጋውን የሚከፍለው እርሱ መሆኑን አውቀናል። እውነት የተናገረ ሁሉ ሥራ ያገኛል ብለን ልናታልለው አልወደድንም፤ ሊያጣ ይችላል። ያልነው ይህን ብቻ ነው፤ ዋሽቶ በገባበት ሥራ ላይ ስሕተት በሠራ ቀን፣ ያንን ስሕተት ለመናገር የሚያስፈልገውን አፍ አስቀድሞ ሸጦታል። በአብራሪ ላይ ደግሞ ያ አፍ ከእጁ ይልቅ ያስፈልጋል።

ሽማግሌው ዝም ብለው ሲሰሙ ቆይተው፣ «አንኮበር ማለት የአንኮ በር ማለት ነው ይባላል» አሉ። «ይህ አገር በር ነበረ። ከቆላ የሚወጣ ነጋዴ ሁሉ ምን ጭነሃል ተብሎ ይጠየቅ ነበር። የሚፈራው ቀረጡን ሳይሆን ጭነቱን የደበቀ ሰው ነበር።» ወጣቱም አያቱን ተሰናብቶ በማግሥቱ በጉሙ ውስጥ ወደ ደብረ ብርሃን ሄደ። እኛ ደግሞ በዚያው ሳምንት በሚኒባስ ስንጓዝ ረዳቱ ጎንበስ በሉ አለ። የተሳፈርነው በወንበር እንጂ በትርፍ ስላልነበረ ትእዛዙ አይመለከተንም ነበር፤ ነገር ግን ፖሊሱ ሲጠይቅ ስንት ሰው እንዳለ ለመናገር አፋችን ይከፈት አይከፈት እንደሆነ የዚያን ዕለት ራሳችንን መረመርን። ይህን የምታነብ ወንድማችንና እኅታችንም በየመንገድህና በየመንገድሽ ይህንኑ ምርመራ እንድታደርጉ አደራ እንላለን።