ዳኛና የወገኑ ልማድ

ዳኛ የሚሾመው ከሰው መካከል ነው፤ ዘመድና ጎረቤት፣ ያደገበትም ልማድ አለው። እንግዲህ የወገኑ ልማድና ፍትሕ በፊቱ ሲጣሉ ለየትኛው ሊቆም ይገባዋል? መልሱ በቃል ቀላል ሲሆን በሥራ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ የአንድ አሜሪካዊ ዳኛ ታሪክ ያስረዳናል።

ዌይቲስ ዌሪንግ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1880 ዓ.ም. በሳውዝ ካሮላይና፣ በቻርልስተን ከተማ ከጥንታዊ የነጭ ቤተ ሰብ ተወለደ። ከ1902 ጀምሮ በጥብቅና ሲሠራ፣ በኋላም የከተማው ጠበቃ ሆኖ ሲያገለግል፣ ነጭና ጥቁር ተለያይቶ የሚኖርበትን ልማድ ሳይነቅፍ አርባ ዓመት ያህል ኖረ። በ1942 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የፌዴራል ዳኛ አድርጎ ሾመው።

በ1946 አይዛክ ዉዳርድ የተባለ ጥቁር ወታደር ከሠራዊቱ በክብር ተሰናብቶ፣ የደንብ ልብሱን እንደ ለበሰ ወደ ቤቱ ሲጓዝ፣ የአንዲት ትንሽ ከተማ የፖሊስ ሹም ደብድቦ ሁለቱንም ዓይኖቹን አጠፋቸው። ክሱ በዌሪንግ ችሎት ተሰማ፤ ነጮች ብቻ የተቀመጡበት ጁሪ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ሹሙን በነጻ ለቀቀው። ችሎት ተችሎ፣ ፍርድ ተሰጥቶ፣ ፍትሕ ግን እንዳልነበረ ዌሪንግ ተመለከተ።

ከዚህ በኋላ በ1947 ጥቁሮች በዴሞክራት ፓርቲ የዕጩዎች ምርጫ ድምፅ እንዳይሰጡ መከልከላቸውን በፍርድ ሻረ። በ1951 ደግሞ የክላሬንደን አውራጃ ጥቁር ወላጆች ስለ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ያቀረቡትን ክስ ከሦስት ዳኞች አንዱ ሆኖ ሰማ። ሁለቱ በ1896 የተሰጠውን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርድ ተከትለው መለያየቱን ሲያጸድቁ፣ ዌሪንግ ግን መለያየት ራሱ እኩልነትን ማፍረስ ነው ሲል የተለየ ሐሳቡን ጻፈ።

የሁለቱ ዳኞች ክርክር የሚናቅ አይደለም። የበታች ዳኛ የበላዩን ፍርድ እንደ ፈቃዱ ቢጥል ሕግ መሠረት ያጣልና። ዳሩ ግን የቀድሞ ፍርድ የሚከበረው ፍትሕን እንዲጠብቅ ነው፤ በደልን ሲሸፍን የተገኘ እንደ ሆነ ዝም የሚል ዳኛ የበደሉ ተካፋይ ይሆናል። ዌሪንግ በድምፅ ተሸነፈ፤ ምክንያቱን ግን ለበላይ ዳኞች በጽሑፍ አኖረ። በ1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ያለው መለያየት ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው ሲል ፈረደ።

ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። ባልንጀሮቹ ሸሹት፤ በ1950 በቤቱ ላይ ድንጋይ ተወረወረ። በ1952 ሹመቱን ትቶ ወደ ኒው ዮርክ ሄደ፤ በዚያም በ1968 ሞተ። የቻርልስተን የፌዴራል ፍርድ ቤት ሕንጻ በስሙ የተጠራው በ2015 ነው።

ስለዚህ የማያዳላ ዳኛ ማለት ወገን የሌለው ሰው ማለት አይደለም፤ ወገኑ ሊሰማው የማይወደውን እውነት ለመናገር የሚደፍር ሰው ነው። ዌሪንግ ይህን የተማረው ከስድሳ ዓመቱ በኋላ ነው። መዘግየቱ ያለፈውን ዝምታውን አያነጻለትም፤ ነገር ግን ሕሊና ለመንቃት ዕድሜ እንደማይከለክለው ለባለ ወንበር ሁሉ ያስተምራል።