ሾጣጣው ቆርቆሮ

ልጄ፣ ሲቪል ምህንድስናን በርቀት ልማር ወይ ብለሽ ከንፋስ መውጫ የጻፍሽልኝ ደርሶኛል። እናትሽ «የወረዳ ሥራዋን ጥላ የት ትሄዳለች» ብትል እውነት አላት። አትማሪ አልልሽም፤ እኔም የተማርኩት በርቀት ነው።

ያኔ ቀን መንገድ ሥራ ላይ ሰዓት እቆጣጠር፣ ማታ በኩራዝ ሞጁል አነብ ነበር። የኮንክሪት ቅጥነት የሚለካበትን የስላምፕ ሙከራ ምዕራፍ በቃሌ ይዤው ነበር፦ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ሾጣጣ ቆርቆሮ በሦስት ዙር በኮንክሪት መሙላት፣ እያንዳንዱን ዙር በብረት ዘንግ 25 ጊዜ መውጋት፣ ከዚያ ቆርቆሮውን አንሥቶ ኮንክሪቱ ስንት እንደወረደ መለካት። አንድ ጠዋት መሐንዲሱ «በል ሥራ» ብሎ ቆርቆሮውን ሰጠኝ። ሞላሁ፣ ወጋሁ። ሳነሣው ግን እጄ ተንቀጠቀጠና አዘንብዬ ሳብኩት፤ ኮንክሪቱ ባንድ ጎኑ ተናደ። የቀን ሠራተኞቹ ሳቁብኝ። ሞጁሉ ቀጥ አድርገህ አንሣ ይላል፤ ቀጥ ማድረግን የሚያውቀው ግን ክንድ ነው። መሐንዲሱ አልሳቀም፤ እስከ ምሳ ሰዓት አስደጋገመኝ።

ሒሳቡና የስትራክቸር ንድፈ ሐሳቡ ልብ ካለሽ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ይገባሻል። አፈር ግን እንዲህ አይደለም። ፎገራ ሜዳ ላይ ያለው ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ያልተጠነቀቀ ሰው የሠራበትን ግድግዳም አብሮ ይሰነጥቃል። ከወረታ በደብረ ታቦርና በጋይንት አድርጎ ወልድያ የሚደርሰውን፣ በደርግ ዘመን ቻይኖች የሠሩትን መንገድ ይዘሽ ስትወጪ አፈሩ ይለወጣል፣ ዳገቱም ይለወጣል። ከመኪና ወርደሽ በእጅሽ ካልጨበጥሽው ልዩነቱ አይገባሽም።

መንገድ ካነሣን አይቀር፣ አንድ የቆየ ታሪክ ልንገርሽ። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያስቀለጡትን ሴባስቶፖል፣ 70 ኩንታል ገደማ የሚከብደውን መድፍ፣ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር አስጎትተው መቅደላ ያወጡት መንገድ እያስጠረጉ ነው። ወራት ፈጀባቸው። ድንጋዩን ሲያነሡ ንጉሡ ራሳቸው ከሠራዊቱ እኩል ነበሩ። ሊወጋቸው የመጣው የእንግሊዙ የናፒየር ጦር እንኳ የጅዳን ገደል ሲወርድ በዚያው መንገድ ተጠቅሟል። ስለ ጦርነቱ ብዙ ተብሏል፤ ስለ መንገዱ ግን የሚያወራ አላገኘሁም፣ ይህ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

አሁን ወደ ገንዘብሽ። ዕውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይደለም፤ ለየትምህርት ዘርፉ፣ ለየካምፓሱ፣ መደበኛ ወይም ርቀት እየተባለ ነው። «ዕውቅና አለን» ሲሉሽ፣ ለሲቪል ምህንድስና፣ በርቀት፣ እዚህ ቅርንጫፍ? ብለሽ ጠይቂ። መልሱንም ከደላላ ሳይሆን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ውሰጂ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተናም አለ፤ 50 ከመቶ ካላመጣሽ አራትና አምስት ዓመት የከፈልሽበት ዲግሪ አይሰጥሽም። ላቦራቶሪያቸው የት እንደሆነ፣ በዓመት ስንት ቀን እንደምትገቢበት በጽሑፍ ይስጡሽ። «በቪዲዮ ታዪዋለሽ» ካሉሽ ሻይሽን ጠጥተሽ ውጪ።

እዚያው ከተማችሁ ግንባታ አይጠፋምና ቅዳሜ ቅዳሜ ፎርማኑን አስፈቅደሽ ቁሚ። ፌሮ የሚያስረውን፣ ድንጋይ የሚጠርበውን እዪ። ማፈር አያስፈልግም፤ የተሳቀብኝ እኔ እስካሁን አለሁ።

እስከዚያው አንድ ሥራ ልስጥሽ። ሐምሌ ላይ ዶፍ ሲጥል ጃንጥላ ይዘሽ ከቤታችሁ በላይ ወዳለው የመንገድ ቱቦ ውጪ። ውኃው በየት ይገባል? ምን ይዞ ይመጣል? ሲወጣስ የማንን ማሳ ይበላል? ደብተር ላይ ሣዪና ላኪልኝ፣ ምዝገባውን ከዚያ በኋላ እናወራለን።