ላለፈ ክረምት ቤት መሥራት፦ አዋቂ ሰው አሻንጉሊት ስለ መሰብሰቡ

በሥራው የተከበረ፣ ትዳር የያዘና ልጆች የሚያሳድግ አንድ ጎልማሳ በቤቱ ግድግዳ ላይ መደርደሪያ አሠርቶ፣ ጎራዴ የጨበጡና ጠመንጃ ያነገቡ የፕላስቲክ ጀግኖችን ረድፍ በረድፍ ቢያቆም ምን እንላለን? «ልጅነቱ አልወጣለትም» ብሎ መሳቅ ይቀላል። ሳቅ ግን ጥያቄውን ያሳልፈዋል እንጂ አይመልሰውም። ሰው ለኑሮው የማያስፈልገውን ነገር አጥብቆ ሲሰበስብ ስለ ራሱም ሆነ ስላሳደገው ኅብረተሰብ የሚገልጠው ምስጢር አለና፣ ጉዳዩን ረጋ ብሎ መመርመር ይበጃል።

ነገሩ የጥቂት ሰዎች ጠባይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተነጋገርንበት ነበር። ሰርካና የተባለው የገበያ አጥኚ ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የመጀመሪያ ሩብ ዓመት በአሜሪካ ዕድሜያቸው 18 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ሰዎች ለራሳቸው የገዙት መጫወቻ፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ለሆናቸው ሕፃናት ከተገዛው በልጦ ተገኝቷል። እንዲህ ሲሆን ያ የመጀመሪያው ነበር። ሕፃኑ በገዛ ገበያው ላይ በአባቱ ተበለጠ ማለት ነው።

ጉዳዩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ አሻንጉሊቱ ልደት መመለስ ያስፈልጋል። ሐዝብሮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1964 ጂ. አይ. ጆ የተሰኘውን፣ ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነና እጅ እግሩ በየመገጣጠሚያው የሚተጣጠፍ ወታደር ለገበያ ሲያቀርብ አንድ ችግር ገጠመው። በዚያ አገር አስተሳሰብ አሻንጉሊት የሴት ልጅ መጫወቻ ስለ ነበረ፣ ወንዶች ልጆች እንዳይሸሹት፣ አባቶችም ለመግዛት እንዳያፍሩ ተፈራ። ስለዚህ «አሻንጉሊት» የሚለው ቃል ቀረና «አክሽን ፊገር»፣ ማለትም የድርጊት ምስል፣ የሚል ስም ወጣለት። የእኛ ቋንቋ ሁሉንም አሻንጉሊት ብሎ ስለሚጠራ ይህን ጭንቀት አያውቀውም። ስሙ ግን ልብ ሊባል ይገባል። «ድርጊት» የተባለውን ነገር የሚያደርገው ፕላስቲኩ አልነበረም፤ ልጁ ነበር። አሻንጉሊቱ ዝም ሲል ልጁ ይናገርለታል፤ ሲወድቅ ያነሣዋል፤ ሲሞት ያስነሣዋል። ተውኔት ለሚጽፍ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ልጁ በአንድ ጊዜ ደራሲ፣ አዘጋጅ፣ ተዋናይና ተመልካች ነው።

ወታደሩም የዘመኑ ልጅ ነበር። የቬትናም ጦርነት በአሜሪካ ሕዝብ ዘንድ እየተጠላ ሲሄድ የወታደር አሻንጉሊትም ገበያው ቀዘቀዘ፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1970 ጺም አብቅሎለት የጀብዱ ተጓዥ አደረገው። ጀግናው ዓላማውን የለወጠው ገበያው ስላዘዘው ነው።

ከዚያ ወዲህ ከሆነው ሁሉ የሚያስገርመው ግን የ1977ቱ ነው። የጆርጅ ሉካስ ስታር ዎርስ የተሰኘው ፊልም በዚያ ዓመት ወጥቶ አገሩን ሲያጥለቀልቅ፣ አሻንጉሊቶቹን የመሥራት መብት የያዘው ኬነር የተባለ ኩባንያ ለገና በዓል ሊያደርሳቸው አልቻለም። ስለሆነም ባዶ ሊባል የሚችል ማሸጊያ ሸጠ። በውስጡ የነበረው ዋና ነገር አራት አሻንጉሊቶች በመጪው ዓመት በፖስታ እንደሚላኩ የሚያረጋግጥ ወረቀት ነበር። ልጆች በዓሉን በተስፋ አከበሩ። በ1978 አሻንጉሊቶቹ ሲደርሱ ቁመታቸው 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ዋጋቸውም ቀላል ስለ ነበረ አንዱን ያገኘ ሌላውን መመኘቱ አልቀረም። በሱቅ የሚሸጠው እያንዳንዱ አሻንጉሊት በተጣበቀበት ካርቶን ጀርባ ላይ የ12ቱም ፎቶግራፍ ታትሞ ነበር። ልጁ አንዱን በእጁ ይዞ የጎደሉትን 11 በዓይኑ ይቆጥራል። መሰብሰብን በጎልማሳነቱ የተማረ የሚመስለን ሰው ፊደሉን የቆጠረው ያኔ፣ በካርቶኑ ጀርባ ላይ ነበር።

እንግዲህ የመጀመሪያው ምክንያት ከዚህ ይፈልቃል። በ1985 ተቋርጦ የነበረው የዚህ ፊልም አሻንጉሊት በ1995 እንደገና መመረት ሲጀምር፣ የ1978ቱ ልጅ ደሞዝተኛ ጎልማሳ ሆኖ ነበር። ያን ጊዜ የተከለከለውን ለመግዛት፣ የጠፋበትን ለመተካት፣ እናቱ ለጎረቤት ልጅ የሰጠችበትን ለማስመለስ አሁን አቅም አለው። አበው «ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» ይላሉ። ሰብሳቢው ግን ቤቱን የሚሠራው ላለፈው ክረምት ነው። ያን ጊዜ ልጁ ነበረ፤ አሻንጉሊቱ ጎደለ። ዛሬ አሻንጉሊቱ ተገኘ፤ ልጁ የለም።

ሁለተኛው ምክንያት ከሥራ ጋር የተያያዘ ነው። የዘመናችን ደሞዝተኛ በአመዛኙ የጀመረውን ነገር ሲፈጸም አያይም። ወረቀት ከአንድ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ያሻግራል፤ የማያውቀው ሰው ለማያውቀው ዓላማ ይጠቀምበታል። በመደርደሪያው ላይ ግን ሥርዓት አለ፤ የጎደለው ይታወቃል፣ የተሟላው ይታያል፣ ያለ እርሱ ፈቃድ የሚነቃነቅ የለም። ሦስተኛው ምክንያት ጀግናው ራሱ ነው። ዕድሜ የሚያስተምረን ክፋትና ደግነት በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ተደባልቀው እንደሚኖሩ ነው። በመደርደሪያው ላይ ግን ክፉው ጭምብሉን እንዳጠለቀ፣ ደጉም ጎራዴውን እንደ መዘዘ ቆመዋል፤ ማን ማን እንደ ሆነ አያጠራጥርም። የደከመ ሰው ከዚህ ግልጽነት ጥቂት ዕረፍት ቢያገኝ የሚነቀፍ አይመስለኝም።

ከዚህም አልፎ አዋቂ ሰው መጫወቱ ራሱ ነውር ነው የሚሉ አሉ። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው ተረታችን ለልጅ ሥራ ያለንን ግምት ያሳያል። ይሁን እንጂ ይኸው ቋንቋችን ጨዋታን ለልጅ ብቻ ትቶ አያውቅም። እንግዳ ቤታችን ገብቶ ቡና ሲቀርብለት «እስቲ ይጫወቱ» እንለዋለን። አንድን ሽማግሌ ስናመሰግን «ተጫዋች ናቸው» እንላለን። ገበጣ ላይ የሚያጎነብሱት የሸበቱ ሰዎች ማንም ልጅ አላላቸውም። ጀርመናዊው ባለቅኔ ሺለር እ.ኤ.አ. በ1795 ባሳተማቸው የሥነ ውበት ደብዳቤዎቹ የሰው ተፈጥሮ ምልዓቱን የሚያገኘው በጨዋታ መሆኑን ተከራክሯል፤ የኔዘርላንዱ የታሪክ ሊቅ ኽዊዚንኻም በ1938 ባወጣው መጽሐፉ ባህል ከጨዋታ ጋር ያለውን የሥር ዝምድና መርምሯል። የእኛ ቡና አቅራቢ ይህን ከሁለቱም ሳትማር ታውቀዋለች።

ስለዚህ «አዋቂ ለምን ይጫወታል?» የሚለው ክስ ውድቅ ነው። የሚቀረው ጥያቄ ግን ከዚያ ይከብዳል፤ ሰብሳቢው በእርግጥ ይጫወታል ወይ?

የሰብሳቢዎች ዓለም የራሱ ሕግ አለው። ከማሸጊያው ያልወጣ አሻንጉሊት ከወጣው እጅግ ይወደዳል። የአሻንጉሊቱንና የካርቶኑን ይዞታ መርምረው እስከ 100 ነጥብ የሚሰጡ፣ ከዚያም እንደ መስተዋት በጠራ ሣጥን አሽገው የሚመልሱ ድርጅቶች ተቋቁመዋል። ራሱም ሰብሳቢ የነበረው ዋልተር ቤንያሚን፣ ሰብሳቢ ዕቃን ከጠቃሚነት ቀንበር ነጻ ያወጣዋል የሚል አስተያየት ነበረው። ይህ ለጥንት ማሰሮ ወይም ለአሮጌ ቁልፍ ይሠራ ይሆናል። አሻንጉሊት ግን ከመጀመሪያውም እንዲህ ያለ ቀንበር አልተጫነበትም፤ አንድያ ሥራው ጨዋታ ነበር። በሣጥን የታሸገ አሻንጉሊት ነጻ የወጣው ከዚያ ከአንድያ ሕይወቱ ነው።

ይህን ክርክር በድራማ መልክ አጥርቶ ያቀረበው ፒክሳር የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው «ቶይ ስቶሪ 2» የተሰኘ ፊልም ነው። አንድ ነጋዴ ዉዲ የተባለውን የከብት ጠባቂ አሻንጉሊት ሰርቆ ለቶኪዮ ሙዚየም ሊሸጠው ያስባል። ከዉዲ ጋር ከሣጥኑ ወጥቶ የማያውቅ፣ የልጅ እጅ ነክቶት የማያውቅ ሽማግሌ አሻንጉሊት አለ። ይህ ሽማግሌ ሙዚየሙን አጥብቆ ይመኛል፤ በዚያ ዘላለም ሳይሰበሩ መኖር ይቻላልና። ዉዲ ግን ባለቤቱ የሆነው ልጅ አድጎ እንደሚተወው እያወቀ ወደ ልጁ መመለስን ይመርጣል። ፊልሙ ለሕፃናት የተሠራ ነው ይባል እንጂ ጥያቄው የአዋቂ ነው። ሳይነኩ መቆየትና እየተነኩ ማለቅ ቢቀርቡልን የትኛውን እንመርጣለን?

ገበያው የመረጠው ይታወቃል። ኬነር በ1979 ቦባ ፌት የተባለውን ገጸ ባሕርይ ከጀርባው ሮኬት እንዲተኩስ አድርጎ ሊያወጣ አስተዋውቆ ነበር። በሌላ ኩባንያ መጫወቻ ተወንጫፊ ሕፃን ታንቆ በመሞቱ ግን ሐሳቡ ተሰረዘ፤ የቀሩት የሙከራ ናሙናዎች ብቻ ናቸው። ከነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2024 በጨረታ 525,000 ዶላር ተሸጠ። ለልጅ አደገኛ ነው ተብሎ የታገደ፣ አንድም ልጅ ያልተጫወተበት አሻንጉሊት ልጆች እስኪሰበር ከተጫወቱበት ሁሉ በዋጋ ላቀ።

ካርል ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1867 ባሳተመው የካፒታል የመጀመሪያ ቅጽ፣ ሸቀጥ ከሠሪዎቹ ተለይቶ የራሱ ኃይል ያለው መስሎ እንደሚታይ አመልክቷል። ለዚህ ከአሻንጉሊት የተሻለ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልግም። ሰብሳቢው የአሻንጉሊቱን የቀበቶ ቀለም፣ የትኛው ዓመት የትኛው ካባ እንደ ተለወጠ ጠንቅቆ ያውቃል። ከእግሩ ሥር የተቀረጸውን «ሆንግ ኮንግ» የሚል ጽሑፍም ያነበዋል፤ የሚያነበው ግን የእትሙን ዘመን ለመለየት ነው። ዓይኑን በትንሽ ብሩሽ የነጠበችለት ሠራተኛ ማን እንደ ነበረች አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በሜይ 10 ቀን 1993 ከባንኮክ ወጣ ብሎ በሚገኘው ካደር የአሻንጉሊት ፋብሪካ በተነሣው ቃጠሎ 188 ሠራተኞች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ። በየማሸጊያው ላይ ስለ ጀግናው ሕይወት አጭር ታሪክ የሚጽፉ ኩባንያዎች አሉ፤ ስለነዚያ ሴቶች ሕይወት በካርቶን ጀርባ የተጻፈ የለም። ትዝታችን ንጹሕ ነው ብለን የምናስበውን ያህል ንጹሕ አለመሆኑን ይህ ይመሰክራል።

እንዲህ ስል ሰብሳቢን ሁሉ በአንድ ሙቀጫ መውቀጤ አይደለም። ማሸጊያውን የሚቀድዱ አሉ። አሻንጉሊቱን እንደገና ቀለም የሚቀቡ፣ በገዛ መርፌያቸው ልብስ የሚሰፉለት፣ ከአሸዋና ከካርቶን በረሃና ከተማ ሠርተው በመካከሉ የሚያቆሙትና ፎቶግራፍ የሚያነሡት ብዙዎች ናቸው። ሳምንቱን በዝምታ የፈጸመ ሰው በሰብሳቢዎች ስብሰባ ላይ አንደበቱ ሲፈታ፣ የሥራውን ብልሃት ለማያውቀው ወጣት ሲያስረዳ ይታያል። በነዚህ ሰዎች እጅ «ድርጊት» የሚለው ስም እውነት ይሆናል። ሚዛኑም እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ዕቃው ሰውየውን ወደ ፈጣሪነቱ ከመለሰው በጎ ነው፣ ዘበኛ ካደረገው ግን ጎድቶታል።

በአገራችን ገጠር የሚያድግ ልጅ በሬውን ከጭቃ ያበጃል፤ ቀንድ ያወጣለታል፤ ጠምዶ ያርሳል። የከተማውም ልጅ ከሽቦ መኪና፣ ከአሮጌ ካልሲና ጨርቅ ኳስ ይሠራል። ይህን ድህነት ማሞገስ አይገባም፤ ልጁ ምርጫ ቢኖረው የሱቁንም በወደደ ነበር። ነገር ግን የጭቃው በሬ አንድ ትምህርት አለው። በክረምት ዝናብ ይሟሟል፤ ማንም ሊሰበስበው አይችልም። ባለቤቱ አድጎ ወደ ልጅነቱ ለመመለስ ቢመኝ በገንዘብ የሚገዛው የለም። የቀረው ጣቶቹ የሚያስታውሱት አሠራር ብቻ ነው፤ ከፈለገ ደግሞ ከልጁ ጋር ተቀምጦ እንደገና ያቦካል።

የጨርቁንም ሆነ የፕላስቲኩን ጀግና የሚፈልግ አዋቂ የሚፈልገው በአንድ ወቅት በእጁ የነበረውን የመፍጠር ሥልጣን ነው። ያ ሥልጣን በመሥሪያ ቤቱ፣ በሠፈሩና በማታ ዕረፍቱ ቦታ ካላገኘ ገበያው በካርቶን አሽጎ ይሸጥለታል፤ እርሱም ይገዛል፣ ስለ መግዛቱም ልንወቅሰው አንችልም። ወቀሳው ለእኛ ለመምህራን፣ ለካድሬዎችና ለከያንያን ሊደርስ ይገባል። ተማሪው 12ኛ ክፍል ሲደርስ ሥዕል መሣል የሚያቆመው ለምንድን ነው? የቀበሌው አዳራሽ ለስብሰባ እንጂ ለድራማ ልምምድ የማይከፈተው ለምንድን ነው? አዋቂ ሰው ያለ ኀፍረት እጁን ጭቃ የሚያስነካበት ስንት ቦታ አዘጋጅተናል? ለነዚህ መልስ ሳናገኝ በሰውየው መደርደሪያ ላይ መሳቅ አይገባንም።